ጥር ላይ የተከፈተ መስኮት

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በምኖርበት አሮጌ ሕንፃ ብርድ መግባቱ የሚታወቀው በመስኮቶቹ ነው። ጥር ላይ፣ ውጭው ውሃ የሚያረጋ ውርጭ ሆኖ ሳለ፣ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ቀና ብሎ ላየ ሰው ግማሹ መስኮት ተከፍቷል፤ መጋረጃው ወደ ውጭ ይውለበለባል። ቤት ውስጥ ራዲያተሩ እንደ ጀበና ሲንፈቀፈቅ ያድራል። መዝጊያው በዓመታት ቀለም ተለስኖ አይዞርም። ቢዞርም እንፋሎቱን አይመጥንም፤ ወይ ይለቀዋል ወይ ይዘጋዋል። ስለዚህ ሰው ሁሉ በእጁ ያለችውን አንዲት መፍትሔ ይጠቀማል፤ መስኮት ይከፍታል። በጋዝ የሞቀው አየር ወደ ጎዳናው ይፈስሳል።

የሕንፃው የጥገና ኃላፊ ወገናችን ናቸው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ከቦይለር ጋር የኖሩ ሰው። አንድ ጠዋት ሊፍት ውስጥ አገኘኋቸውና «ጋሼ፣ ይኼን ሙቀት ትንሽ መቀነስ አይቻልም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ብቀንሰው ስድስተኛ ፎቅ ዳር ያሉት ሴትዮ ይበርዳቸዋል። ባልቀንሰው አንቺ መስኮት ትከፍቻለሽ። ሴትዮዋ ቢሮ ይደውላሉ፤ አንቺ ግን አትደውዪም።»

ከዚያ ወዲህ ስለ ሕንፃና ስለ ካርቦን ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ። ነገሩ ደጋግሞ የሚሰናከልበት ቦታ ግን ያው ጋሼ ያሳዩኝ ነው፤ ለብክነቱ የሚከፍለው ሰውና ብክነቱን ማቆም የሚችለው ሰው ይለያያሉ። የእኔ ሙቀት ከኪራዩ ጋር ተጠቃሎ ስለሚከፈል መስኮት ብከፍት ኪሴን አይነካኝም። ጎረቤት ያለው ሕንፃ ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቢሉን ተከራዩ ስለሚከፍል አከራዩ የሚያፈስ መስኮት የሚቀይርበት ምክንያት የለውም። በዚህ ጽሑፍ የሚነሱት ሕጎች በሙሉ፣ የተሳኩትም ያልተሳኩትም፣ ከዚህ ቋጠሮ ጋር ሲታገሉ የተገኙ ናቸው። (ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የከተማ ጭስ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው መኪና ነው። ኒውዮርክ ላይ ግን ከከተማዋ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው ከሕንፃ ይመጣል፤ ዲሲ ላይ ወደ ሦስት አራተኛ ይጠጋል። ባቡር ባለበት ከተማ መኪናው ያንሳል፤ ብርዱ ግን አያንስም። ከፊሉ ልቀት ምድር ቤት ካለው ቦይለር በቀጥታ ይወጣል። ከፊሉ ደግሞ ለመብራት፣ ለሊፍትና ለማቀዝቀዣ ሲባል ሩቅ ካለ የኃይል ማመንጫ ወጥቶ በሕንፃው ስም ይመዘገባል። በዓለም ደረጃ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ያወጣው አኃዝ እንደሚለው፣ ሲሚንቶና ብረቱ ሲጨመር በ2021 ሕንፃና ግንባታ ከኃይል አጠቃቀምና ከፋብሪካ ሂደት ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 37 በመቶውን ይዘዋል። በእነዚህ አሮጌ ከተሞች ከሃያ ዓመት በኋላም የሚቆሙት አብዛኞቹ ሕንፃዎች ዛሬ ያሉት ናቸው። አፍርሶ በአዲስ መሥራት የሲሚንቶውን ልቀት እንደገና መክፈል ስለሆነ መንገዱ እድሳት ነው።

የእድሳቱ ቅደም ተከተል ላይ ባለሙያዎች እምብዛም አይጣሉም። መጀመሪያ ክፍተቱን መድፈን፣ ቧንቧውን መጠቅለል፣ እንፋሎቱን ማመጣጠን፤ ቀጥሎ መሣሪያውን ማስተካከል፤ በመጨረሻ ነዳጁን መለወጥ፣ ማለትም ቦይለሩን በሂት ፓምፕ መተካት። ሂት ፓምፕ አዲስ ነገር አይደለም። ፍሪጅ ከውስጡ ሙቀት አውጥቶ በጀርባው እንደሚተፋ ሁሉ፣ ይህም ከውጭው ቀዝቃዛ አየር ላይ ሙቀት ለቅሞ ወደ ቤት ያስገባል። ሙቀቱን ከማመንጨት ይልቅ ስለሚያጓጉዘው፣ በአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሁለትና ሦስት እጅ ሙቀት ይሰጣል። በሚያፈስ ቤት ከተተከለ ግን በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው፤ መሣሪያውም ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅና ውድ ይሆናል።

የጋሼ ሕንፃ በሽታ ከሁሉም ርካሹ ነው። እንፋሎት ከቦይለሩ ሲነሣ ቅርብ ያሉትን ክፍሎች ቀድሞ ያሞቃል፤ ዳር ያሉት ጋ እስኪደርስ መሐል ያለነው እንቀቀላለን። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ከዋናው ቧንቧ ላይ አየሩን ቶሎ የሚያስወጡ ማስተንፈሻዎች፣ ራዲያተሩ ላይ የክፍሉን ሙቀት አይቶ ራሱ የሚዘጋ ቫልቭ፣ ከራዲያተሩ ጀርባ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ የሚመልስ አንጸባራቂ ሽፋን። የኒውዮርክ ከተማ ኪራያቸው በሕግ ለተገደበ በርካታ ሕንፃዎች ባወጣው የ13 ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ ያሉት እነዚሁ ናቸው፤ የሚያፈስ እንፋሎት መጠገን፣ ቧንቧ መሸፈን፣ አምፖል መቀየር፣ የአየር ማስወጫው ማራገቢያ ላይ ሰዓት ቆጣሪ ማድረግ። አንድም አስደናቂ ነገር የለበትም፤ የጠቢብ ሳይሆን የትጉህ ቧንቧ ሠራተኛ ዝርዝር ነው። እኔ በበኩሌ ከሚያብረቀርቀው የፀሐይ ጣሪያ ፎቶ ይልቅ ይህን ዝርዝር አምናለሁ።

እድሳት ያዋጣል ለሚለው ክርክር ሁልጊዜ የሚጠራው ምስክር ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ነው፤ መጠራቱም ይገባዋል። በ1931 የተመረቀው ባለ 102 ፎቅ ሕንፃ በ2009 ትልቅ የኃይል ቁጠባ እድሳት እንደሚደረግለት ሲታወጅ የመሐንዲሶቹ ቡድን የጀመረው ከመስኮቱ ነበር። 6,514 መስኮቶች አሉት። እነሱን አውጥቶ መጣልና አዲስ መግዛት የማይሞከር ወጪ ነበር። ስለዚህ አምስተኛው ፎቅ ላይ ትንሽ ፋብሪካ ተከፈተ፤ መስኮቶቹ በየተራ ወደዚያ እየወረዱ፣ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ስስ ሽፋንና ጋዝ እየተጨመረባቸው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ከስድስት ሺህ በላይ ራዲያተሮች ጀርባም መከላከያ ተለጠፈ።

የሂሳቡ ብልሃት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሕንፃው ያረጁትን የማቀዝቀዣ ማሽኖች አውጥቶ ትላልቅ አዳዲስ ሊያስገባ አቅዶ ነበር። መስኮቱና መብራቱ ሲስተካከል ግን የሚያስፈልገው የማቀዝቀዝ አቅም ቀነሰ፤ አሮጌዎቹ ማሽኖች ታድሰው በቂ ሆኑ፤ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚሆን ግዢ ቀረ። ይህ ሁሉ ሲካካስ ለኃይል ቁጠባ ተብሎ ከመደበኛው እድሳት በላይ የወጣው 13.2 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ይቀንሳል የተባለው ፍጆታ 38 በመቶ፣ በዓመት የሚተርፈው ደግሞ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በሦስት ዓመት ራሱን የሚመልስ ገንዘብ ማለት ነው። አንዱን ሥራ ለብቻው ቢመዝኑት፣ ለምሳሌ መስኮቱን ብቻ፣ ይህን ያህል አያዋጣም ነበር። ያዋጣው መስኮቱ ማሽኑን ስላስቀረ ነው። ያ ደግሞ የሚሆነው ማሽኑ ሊቀየር በደረሰበት ዓመት ብቻ ነው። ቦይለሩ ገና ትናንት የተተከለለት ባለቤት ይህ ስሌት አይሠራለትም፤ ቦይለሩ በየካቲት ሌሊት ድንገት የፈነዳበት ባለቤት ደግሞ ለማስላት ጊዜ የለውም፣ ያገኘውን ተመሳሳይ ቦይለር ገዝቶ ይተክላል።

ከኢምፓየር ስቴት የተነሣ ሰው ግን ሁሉም ሕንፃ እንዲሁ ነው ብሎ ቢያስብ ይሳሳታል። የዚያኑ ዓመት፣ በ2009፣ ማኪንዚ የተባለው አማካሪ ድርጅት አሜሪካ እስከ 2020 ድረስ 520 ቢሊዮን ዶላር በኃይል ቁጠባ ላይ ብታውል ከ1.2 ትሪሊዮን በላይ እንደምታተርፍ ጽፎ ነበር። መሬት ላይ የወደቀ ገንዘብ አለ፣ የሚያነሣው ጠፋ ማለቱ ነው። ለምጣኔ ሀብት ሰዎች ይህ አልዋጥ አላቸው። ሜሬዲት ፋውሊ፣ ማይክል ግሪንስቶንና ካትሪን ዎልፍራም ሚሺጋን ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ ቤተሰቦችን ይዘው፣ መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች በነፃ የሚያደርገውን የቤት እድሳት መረመሩ። በ2018 የታተመው ውጤታቸው ቀዝቃዛ ውሃ ነበር፤ ለእድሳቱ የወጣው ወጪ ከተቆጠበው ኃይል ዋጋ እጥፍ ገደማ ሆነ፤ ሞዴሉ የተነበየው ቁጠባ ደግሞ በእውን ከተገኘው ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። እድሳቱ በነፃ ሆኖ እንኳ፣ ቤት ለቤት ተንኳኩቶ፣ ተደውሎ፣ ቅጹን መሙላት ታግዞም የተመዘገበው ቤተሰብ ጥቂት ነው።

እድሳት አይረባም የሚሉ ሰዎች ይህን ጥናት እንደ ዱላ ሲጠቀሙበት አያለሁ። እኔ ያነበብኩት በሌላ መንገድ ነው። የወደቀው የኮምፒውተሩ ትንበያ ነው። አማካሪው ቤቱን ዞሮ አይቶ ቅጽ ሲሞላ መስኮት የሚከፍተውን ሰው፣ በጥድፊያ የተለጠፈውን መከላከያ፣ ለሳምንት ሥራ ሁለት ቀን የተሰጠውን ሠራተኛ አይመዘግብም። ስለዚህ ሕግ የሚያወጣ አካል የሚያዋጣው «እነዚህን ዕቃዎች ግጠም» ከማለት ይልቅ «ቆጣሪህን አሳየኝ» ማለት ነው። ያለፉት አሥራ አምስት ዓመታት የከተማ ሕጎችም የተጓዙት ወደዚያው ነው።

ጉዞው የጀመረው በመቁጠር ነበር። ዲሲ በ2008፣ ኒውዮርክ በ2009 ትላልቅ ሕንፃዎች የዓመት ፍጆታቸውን እንዲያስመዘግቡና ለሕዝብ እንዲገለጥ አዘዙ። ኒውዮርክ ቀጥላ ከ2020 ጀምሮ ሕንፃዎች የኃይል ውጤታቸውን በፊደል፣ እንደ ተማሪ ካርድ፣ መግቢያቸው ላይ እንዲለጥፉ አደረገች። እዚያ የሚኖሩ ወዳጆቼን ስጠይቅ የሚበሉበትን ምግብ ቤት የንጽህና ፊደል ሁሉም ያውቃሉ፤ የሚኖሩበትን ሕንፃ ፊደል አንዳቸውም አያውቁም። ምግብ ቤቱ ካልተመቸ ማዶ ሌላ አለ። ቤት ግን በዚያ ከተማ የሚመረጥ ሳይሆን የሚገኝ ነገር ነው። ዲ ያገኘ ሕንፃም ክፍት ክፍል የለውም።

ማፈር ካልሠራ ገደብ ይመጣል። ኒውዮርክ በሚያዝያ 2019 ያጸደቀችው የአካባቢ ሕግ ቁጥር 97 ከ25,000 ካሬ ጫማ፣ ማለትም ከ2,300 ካሬ ሜትር ገደማ በላይ ለሆኑ ሕንፃዎች፣ በቁጥር ወደ 50 ሺህ ለሚጠጉት፣ በእያንዳንዱ ካሬ ጫማ የካርቦን ጣሪያ አበጀላቸው። የመጀመሪያው ጣሪያ በ2024 ጀመረ፤ ሁለተኛው በ2030 ይመጣል። ለመኖሪያ ሕንፃ ሁለተኛው የመጀመሪያው ግማሽ ገደማ ነው። ከጣሪያው በላይ ለሚወጣ ለእያንዳንዱ ቶን ቅጣቱ በዓመት 268 ዶላር ነው።

268 ዶላር ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? አንድ መቶ ሺህ ካሬ ጫማ የሆነ፣ መቶ አፓርታማ ያለው ሕንፃ እናስብ። የ2030 ጣሪያው 335 ቶን ገደማ ይሆናል። ሕንፃው 500 ቶን ቢለቅ ትርፉ 165 ቶን፣ ቅጣቱ በዓመት 44 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ለመቶ አፓርታማ ሲካፈል ለእያንዳንዱ በወር 37 ዶላር አካባቢ ይደርሳል። የቤት ባለቤቶች ማኅበራት «ከቤታችን ሊያፈናቅለን ነው» እያሉ ሲጮኹበት የቆዩት ቁጥር ለአብዛኛው ሕንፃ ይህን የመሰለ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሕንፃውን ሙሉ በሙሉ ወደ ሂት ፓምፕ ለማዞር ሚሊዮኖች የሚጠየቅ አስተዳደር ቅጣቱን እንደ አንድ ተጨማሪ ግብር ቆጥሮ እየከፈለ ሊኖር ይችላል። ሕጉ ሁለቱም ወገኖች ከሚሉት የለዘበ ነው። ከተማዋ በ2023 መጨረሻ ባወጣችው ደንብ ደግሞ በቅን ልቦና እየሠራሁ ነው ብሎ ዕቅድ ላቀረበ ሕንፃ የሁለት ዓመት ፋታ ፈቅዳለች። ኩዊንስ ውስጥ ያለ አንድ ትልቅ የነዋሪዎች የጋራ ቤት ማኅበር ከሌሎች ጋር በ2022 ሕጉን ከስሶ ነበር፤ በግንቦት 2025 የክፍለ ሀገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የክፍለ ሀገሩ የአየር ንብረት ሕግ የከተማዋን ሕግ አይሽርም ብሎ ለከተማዋ ፈረደ።

የእኛ ዲሲ ከኒውዮርክ ሕግ በፊት ሌላ መንገድ ይዛለች። እዚህ የሚለካው በካርቦን ቶን ሳይሆን በኃይል አጠቃቀም ነው። በ2018 የወጣውና ብዙዎች በምሕጻረ ቃሉ ቤፕስ የሚሉት ደንብ የመነጨበት ሕግ፣ ከመሰሎቹ መካከለኛ ነጥብ በታች የወደቀ ሕንፃ በተወሰኑ ዓመታት ውስጥ፣ ለምሳሌ ፍጆታውን በ20 በመቶ በመቀነስ፣ እንዲሻሻል ያዝዛል። የመጀመሪያው ዙር ከ50,000 ካሬ ጫማ በላይ የሆኑ የግል ሕንፃዎችን ይዞ በጥር 2021 ተጀመረ። ቅጣቱ በካሬ ጫማ እስከ 10 ዶላር ይደርሳል፤ ጣሪያው 7.5 ሚሊዮን ነው። ያው የመቶ ሺህ ካሬ ጫማ ሕንፃ እዚህ ቢወድቅ ለዙሩ እስከ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሊጠየቅ ይችላል ማለት ነው። ይህ ባለቤቶችን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ቁጥር ነው። ሐበሻ በብዛት የሚኖርበት የሲልቨር ስፕሪንግ አስተዳደር፣ ሞንትጎሞሪ ካውንቲም፣ በ2022 የራሱን ተመሳሳይ ሕግ አውጥቷል። ሐበሻው በዚህ ሕግ በሁለት በኩል ይገባል፤ አንዱ ተከራይ ነው፣ አንዱ ኮንዶ ገዝቶ በየወሩ የጋራ መዋጮ የሚከፍል። ለቦይለር ቅያሪ ልዩ መዋጮ የሚል ደብዳቤ የሚደርሰው ሁለተኛው ነው።

ሁለቱንም ከተሞች የቀደመችው ቶኪዮ ናት። በ2010 ብዙ ኃይል በሚጠቀሙ ወደ 1,300 በሚጠጉ ትላልቅ ሕንፃዎችና ተቋማት ላይ የልቀት ገደብ ጣለች፤ ከገደቡ በታች የወረደ ትርፉን ለሌላ እንዲሸጥ ፈቀደች። በመጀመሪያው ዙር የተጠየቀው ቅነሳ ከ6 እስከ 8 በመቶ ነበር፤ ዙሩ ሲያልቅ፣ በ2014፣ የተገኘው 25 በመቶ ሆነ። ከዚህ ውስጥ የ2011ን የመሬት መንቀጥቀጥ ተከትሎ የመጣው የመብራት ቁጠባ ዘመቻ ድርሻ እንዳለው መካድ አይቻልም። የሚገርመው ንግዱ ለስሙ ያህል መሆኑ ነው፤ አብዛኛው ባለቤት ከሌላ መግዛት ሳያስፈልገው በራሱ ሕንፃ ቀነሰ። በተረፈ ግን የቶኪዮ ሕግ ሌሎቹ የዘለሉትን አንድ አንቀጽ ጽፏል፤ ተከራይ ከአከራዩ ጋር የመተባበር ግዴታ አለበት፣ ትልቅ ቦታ የያዘ ተከራይም የራሱን የቁጠባ ዕቅድ ያቀርባል። ማን መስኮት ይዘጋል የሚለው ጥያቄ ሕግ ውስጥ ገባ።

ወደ ቋጠሮው የሚመልሰን ይኸው ነው። ኒውዮርክ በሚያዝያ 2019 ባለቤቶችን «አድሱ» አለች። በሰኔ ደግሞ የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት፣ ተከራይ ለመጠበቅ፣ ኪራያቸው በተገደበ ቤቶች ላይ ለትልቅ እድሳት ሲባል በዓመት የሚጨመረውን ከ6 በመቶ ወደ 2 በመቶ አወረደው። ሁለቱም ሕጎች ለየብቻ ሲታዩ ትክክል ናቸው። አንድ ሕንፃ ላይ ሲገናኙ ግን አንዱ ወጪውን ያዝዛል፣ ሌላው ማስመለሻውን ያጠብባል፤ በመካከሉ ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለውን የጻፈ የለም። የ13ቱ ርካሽ ሥራዎች ዝርዝርም የተወለደው ከዚሁ ቋጠሮ ነው።

ጀርመን ቋጠሮውን በቁጥር ልትፈታው ሞክራለች፤ እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ የሚያረካኝ ይህ ነው። ማሞቂያ ነዳጅ ላይ የካርቦን ክፍያ ሲጣል መጀመሪያ ሁሉንም የሚከፍለው ተከራዩ ነበር። ከጥር 2023 ጀምሮ ግን ክፍያው በአሥር እርከን ይካፈላል። ሕንፃው በካሬ ሜትር የሚለቀው ካርቦን እጅግ ከፍተኛ ከሆነ 95 በመቶውን አከራዩ ይከፍላል፤ በደንብ የታደሰ ሕንፃ ከሆነ ሁሉንም ተከራዩ። ሎጂኩ ለማንም ይገባል፤ ቤቱ ሲያፈስ ጥፋቱ የአከራዩ ነው፣ ቤቱ ደህና ሆኖ መስኮት ከተከፈተ ጥፋቱ የተከራዩ ነው። ፈረንሳይ ደግሞ መካፈሉን ትታ በር ዘጋች፤ ከጥር 2025 ጀምሮ በኃይል ደረጃ የመጨረሻውን ፊደል ያገኘ ቤት በአዲስ ውል አይከራይም፤ በ2028 ከእሱ ከፍ ያለው፣ በ2034 ደግሞ ቀጣዩ ይከተላል። ያማረ ሕግ ነው። ነገር ግን ቤት በጠፋበት ከተማ ከኪራይ ገበያ የወጣ እያንዳንዱ ክፍል ሌላ ሰልፍ ይፈጥራል።

ቦስተን ከገደብ በላይ ለሚለቀቅ ካርቦን የምትሰበስበውን ክፍያ፣ በቶን 234 ዶላር፣ በጭስና በድህነት ለተጎዱ ሰፈሮች እድሳት ወደሚውል ፈንድ ታስገባለች። ስለ ድጎማ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሁለት ውድቀቶች ይበቃሉ። ብሪታንያ በ2020 ለ600 ሺህ ቤቶች ብላ 1.5 ቢሊዮን ፓውንድ መደበች፤ ሥራ ተቋራጭ ሳይዘጋጅ፣ በጥድፊያ የተከፈተው ፕሮግራም በስድስት ወር ተዘግቶ 50 ሺህ ቤት እንኳ አልደረሰም። ጣሊያን በተቃራኒው ከወጪው 110 በመቶ እመልሳለሁ አለች። ከወጣው በላይ የሚመለስ ከሆነ ዋጋ የሚከራከር ማን አለ? የእድሳት ዋጋ ናረ፣ ማጭበርበሩ ጋዜጣ ሞላ፣ መንግሥት ላይ የወደቀው ዕዳ ከመቶ ቢሊዮን ዩሮ አለፈ።

አሁን የማልዘለው ነገር አለ። ሰኔ 14 ቀን 2017 ለንደን ውስጥ ግሬንፌል ታወር የተባለው ባለ 24 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ሲቃጠል 72 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች ነበሩ። ሕንፃው ከእሳቱ በፊት በነበረው ዓመት የተጠናቀቀ እድሳት ላይ ሙቀት እንዲይዝና እንዲያምር ተብሎ ከውጭ ተሸፍኖ ነበር። መጀመሪያ የታሰበው ሽፋን ዚንክ ሲሆን፣ ወጪ ለመቆጠብ ሲባል በአሉሚኒየም ተተካ፤ ልዩነቱ ወደ 300 ሺህ ፓውንድ ይጠጋል። በስስ አሉሚኒየሞቹ መካከል ያለው ፕላስቲክ እሳቱን እንደ ክብሪት ይዞ ወደ ላይ አወጣው። አጣሪ ኮሚሽኑ ለእሳቱ መስፋፋት ዋናው ምክንያት ይህ ሽፋን መሆኑን ደመደመ፤ በመስከረም 2024 ባወጣው ሁለተኛ ሪፖርት ደግሞ የዕቃዎቹን አምራቾች ማጭበርበር በስም ጠርቶ ጻፈ።

ይህን የማነሣው እድሳት ገዳይ ነው ለማለት አይደለም። «አዋጭ» እና «ርካሽ» የሚሉት ሁለት ቃላት በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ እንዴት በቀላሉ ቦታ እንደሚለዋወጡ ለማሳየት ነው። ኢምፓየር ስቴት ላይ ያዋጣው ቀድሞ ብዙ ማውጣት ነበር። ግሬንፌል ላይ የተቆጠበችው ገንዘብ ቁጠባ የሆነችው ቤቱ ውስጥ ለማያድረው ሰው ነው። እዚያም የወሰነው ሌላ፣ የከፈለው ሌላ።

አዲስ አበባስ? የዲሲን ሕግ እንዳለ ገልብጦ መውሰድ እምብዛም ፋይዳ የለውም። እዚያ መብራቱ በአብዛኛው ከውሃ ነው፤ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ በአግባቡ የተሠራ ቤት ቦይለርም ማቀዝቀዣም ሳያሻው ዓመቱን ይዘልቃል። የጭቃ ቤት ቀን ከፀሐይ፣ ሌሊት ከብርድ ሲከልል የኖረው ግድግዳው ወፍራም ስለነበር ነው። የእዚያ ካርቦን ያለው ግንቡ ውስጥ ነው፤ ከሲሚንቶ ልቀት ወደ 60 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ነዳጁ ስለተቃጠለ ሳይሆን የኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲጋገር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ጄኔሬተሩ አለ፣ ቀጥሎም መስታወቱ። ቦሌ ላይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚመታው ግንባሩ መስታወት የሆነ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው፣ ለማቀዝቀዣ በማይታሰብ አገር ማቀዝቀዣ የሚያስፈልገው ሕንፃ እንዴት እንደሚሠራ ሳይነግሩት ይገባዋል። ዛሬ መስታወቱን በልኩ የሚያደርግ ደንብ ቢጻፍ ነገ የሚታደስ ነገር ይቀንሳል። ዋሽንግተንና ኒውዮርክ ይህን ዕድል ከመቶ ዓመት በፊት አሳልፈውታል።

ኒውዮርክ አሁን ያመለጣትን በመስኮት በኩል እየሞከረች ነው። የከተማዋ የሕዝብ ቤቶች አስተዳደር በ2022 ሁለት ኩባንያዎችን፣ ግራዲየንትንና ሚዲያን፣ 30 ሺህ የመስኮት ሂት ፓምፖች እንዲሠሩለት ተዋዋለ። መሣሪያው መስኮቱ ደፍ ላይ እንደ ኮርቻ ይቀመጣል፤ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ። ተራ ሶኬት ላይ ይሰካል። ግድግዳ አይፈርስም፣ ቧንቧ አይዘረጋም፣ ተከራይ ከቤቱ አይወጣም። የመጀመሪያዎቹ ኩዊንስ ውስጥ ዉድሳይድ ሃውስስ በተባለው ሰፈር ተሞክረዋል። ብልሃቱን ወድጄዋለሁ፤ በእንፋሎቱ ምክንያት ክፍት የነበረውን መስኮት ራሱን ማሞቂያ ማድረግ። ከተማዋ ግን ሌላ ዕዳ አለባት፤ ኢንዲያን ፖይንት የተባለው የኒውክሌር ጣቢያ በሚያዝያ 2021 ሲዘጋ ክፍተቱን በብዛት የሞላው ጋዝ ነው። ኤሌክትሪኩ እስኪጸዳ ድረስ ከቦይለሩ የወጣው ጭስ ከፊሉ ወደ ማመንጫው ጣቢያ ቤት ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

ባለፈው ሰሞን በራችን ሥር አንድ ወረቀት ተገፍቶ ገባ። ሕንፃው ደንቡን ለማሟላት እንፋሎቱን ትቶ በየአፓርታማው ሂት ፓምፕ ሊተክል ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት የራሱ ቆጣሪ ይኖረዋል፤ የማሞቂያው ሂሳብ ከዚያ ወዲያ በተከራዩ ስም ይመጣል። ወረቀቱን ይዤ ወረድኩ። ጋሼ ምድር ቤት ቦይለሩ አጠገብ ቆመው ግፊት መለኪያውን በጨርቅ ይጠርጋሉ።

«አየሽ» አሉኝ፣ «አሁን መስኮቱን ትዘጊያለሽ።»

«ኪራዩስ ጋሼ? ሙቀቱ ከወጣለት ይቀንሳል?»

ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉና አነበቡት። ገለበጡት። ጀርባው ባዶ ነበር።